ቀንድ አውጣ የለቀምንበት ክረምት

አክስቴ ዊዳድ ሌባ መሆኗን ያወቅኩት ከወልቂጤ በመጣች ማግስት ነው። ማንም አልነገረኝም። ኩሽናው በር ላይ ቁጢጥ ብዬ ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ እናቴና አባቴ ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

«እዚያም ሞክራ ነበር» አለ አባዬ። «ጎረቤቶች ናቸው የደረሱባት።»

እማዬ ወጡን የምታማስልበት የማንኪያ ድምፅ ቆመ።

«ደግማ ትሞክራለች ብለህ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አልፊያ? ብቻ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ ተብለናል። እጇ ላይ ምንም ነገር እንዳይገባ። ለብቻዋም እንዳትቀር።»

ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሰው ላጲስ ስትወስድ የተያዘች ልጅ ነበረች፤ መምህራችን «ደረስንባት» ነበር ያለችን። የሚደረስበት ሌባ ነው። ዓይን የማይነቀልበትም ሌባ ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሚሌኒየሙ የተከበረበት ዓመት ክረምት። ዛሬ ያን ንግግር ሳስታውሰው ቃሎቹ አልዋሹኝም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጎደላቸው፤ እሱን ደግሞ ሁለቱም ከአፋቸው ሊያወጡት ፈርተው ነበር።

ዊዳድ የአባዬ ታናሽ እህት ናት፤ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ። ከዚያ በፊት የማውቃት ለአረፋ ስትመጣ ነበር። ገና በሩ ሳይከፈት ሳቋ ይገባል። ፀጉሬን ሹሩባ እየሠራች የሰፈራቸውን ሰው ሁሉ አረማመድ በድምፅ ታስመስልልኝ ነበር፤ አንካሳውን፣ ወፍራሙን፣ ኩሩውን። ያን ቀን ግን አባዬ ክንዷን ይዞ ሲያስገባት ልስማት ብጠጋ ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር፤ ስሜንም አልጠራችም። የወለደችው ልጅ አርባ ቀን ሳይሞላው እንደሞተና ከባሏም እንደተለያየች ሰምቻለሁ። አሳዝኖኛል። ግን የሕፃን መሞትና ሌብነት በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡ ነገሮች ነበሩ። አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ምን እንደሆነ ማንም አላሳየኝም።

አልጋዬን ተጋራችኝ። እማዬ ወደ ጓዳ ጠርታ ትከሻዬን ያዘችና «ሰልሳቢል፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «ስትነሳ ተነሺ። መታጠቢያ ቤት ብትገባም በር ላይ ቁሚ። የት ትሄጃለሽ ብለሽ አትጠይቂያት፤ ዝም ብለሽ ብቻ ተከተያት። ከዘገየች ጥሪኝ።»

«እሺ» አልኳት። ዓይኖቿ የፈሩ ዓይኖች ነበሩ። እማዬ ፈርታ አይቻት ስለማላውቅ የእሷ ፍርሃት ወደ እኔ ተሻገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ የዶሮ እንቅልፍ ሆነ። ዊዳድ ስትገላበጥ ዓይኔ ይከፈታል። ከጎኔ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን ስታይ አገኛታለሁ፤ እኔም የት ምን እንዳለ እያሰላሰለች ይመስለኛል።

እማዬ በዚያው ሳምንት ልብስ የምታስቀምጥበትን አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ባዶ አደረገችና በረኪናውን፣ ቢላዎቹን፣ የአባዬን የደም ግፊት ኪኒን ሳይቀር እዚያ ከታ ቆለፈችው። ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ሽንኩርት ለመክተፍ ሳጥን ይከፈታል፤ ከተከተፈ በኋላ ቢላዋ ታጥቦ ተመልሶ ይገባል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነበር። የወርቅ አምባሯ እንደወትሮው መስታወቱ ሥር ተቀምጧል። ሊጥ ስታቦካ ቀለበቷን አውልቃ የውኃ ባልዲው ጠርዝ ላይ ትተወዋለች። በረኪና የሚቆልፍ ሰው ወርቅ እንዴት ይረሳል?

ስለዚህ ወርቁን እኔ ደበቅኩላት። በስቶኪንግ ጠቅልዬ የሩዙ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት።

እማዬ ያጣችው ሐሙስ ዕለት ነው። ሱቅ ልትሄድ ስትለብስ መስታወቱን አነሳች፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ አልጋውን ገለበጠች። ፊቷ ሲለዋወጥ እያየሁ ትንሽ ኮራሁ።

«እኔ ጋ ነው» አልኳት ድምፄን ቀንሼ። «ዊዳድ እንዳትወስደው ብዬ ነው።»

«ዊዳድ ለምን ትወስደዋለች?»

«ሌባ አይደለች?»

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ራሷ ሳበችኝና አገጯን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈችው። ልቧ ሲመታ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል።

«ጥሩ አድርገሻል» አለች በመጨረሻ። «ግን ይሄን ቃል ለማንም አትናገሪ። ለእሷም፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሙሉወርቅም። ዝም ብለሽ ጠብቂያት።» አምባሩንም ከሩዙ አውጥታ ቦታው መለሰችው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለምን እንዳላረመችኝ ጠየቅኳት። «ምን ብዬ ላርምሽ?» አለችኝ። «ሌባ ብለሽ ካሰብሽ ትጠብቂያታለሽ፤ ግን ትተኛለሽ፣ ትበያለሽ፣ ትጫወቻለሽ። እውነቱን ብነግርሽ አልጋ ልትጋሪያት አትችይም ነበር። የዊዳድን ስም አንቺ ዘንድ አስያዝኩት፤ በኋላ አስመልሳለሁ ብዬ።»

ቤታችን ከኮልፌ ገበያ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘነብለው መንደር ውስጥ ነው። ጊቢው ጠባብ ነበር፤ ከውጭው በር እስከ ቧንቧው ድረስ ግን በቆርቆሮ አጥሩ ሥር አንድ ረጅም መደብ አበባ ነበረን። አባዬ ገበያ ውስጥ የብርድ ልብስና የአንሶላ ሱቅ ስላለው ቀኑን እዚያ ይውላል፤ እማዬ ደግሞ ከቤት ሥራ የተረፋትን ሰዓት ሁሉ እዚያ መደብ ላይ ታጠፋዋለች። ጽጌረዳ፣ ዳሊያ፣ በቅቤ ጣሳ የተተከለ ጄራኒየም። ዳሊያዎቿ መስከረም ላይ የሰው ፊት ያህላሉ፤ የሚያልፍ ሰው ሁሉ በሩ ክፍት ከሆነ አንገቱን ያስገባል።

ያን ክረምት ግን ቀንድ አውጣ ገባበት። ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚዞረው አይደለም። ይሄኛው ቤት የለውም፤ ራቁቱን የሚሄድ፣ ሲነኩት የሚሙለጨለጭ፣ የጣት ውፍረት ያለው ቡናማ ፍጡር ነው። ሲመሽ ከድንጋይና ከእንጨት ሥር ይወጣል። ጠዋት ስንነሳ የዳሊያው ቅጠል ወንፊት ሆኗል፤ እንቡጡ ከአንገቱ ተበልቶ ወድቋል፤ አፈሩና ግንዱ ላይ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ የልጋግ መንገድ ይቀራል። እማዬ መጀመሪያ አመድ ነሰነሰችበት። ለአንድ ጠዋት ሠራ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣና ጠራርጎ ወሰደው።

መድኃኒቱን ያመጡልን እትዬ ሙሉወርቅ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወንበር ሳይባሉ የሚቀመጡ ሴትዮ። አንድ ከሰዓት በኋላ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈተው ትንሽ ከረጢት ለእማዬ ሰጧት። ሰማያዊ ፍሬ ፍሬ ነገር ነበር፤ ከረሜላ መስሎኝ ተጠጋሁ።

«ይሄን አመሻሽ ላይ በተን በተን አድርጊበት» አሏት። «ጠዋት ሬሳ በሬሳ ሆኖ ታገኚዋለሽ።»

«መርዝ ነው?» አለች እማዬ።

«ታዲያ በምን ይሞታል ብለሽ ነው? ልጅ እንዳይነካው ብቻ ተጠንቀቂ፤ ለሰውም አይመለስም።»

ዊዳድ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከመጣች ጀምሮ ሰው ሲያወራ ቀና ብላ አታውቅም። ያን ጊዜ ግን ራሷን አነሳችና ከረጢቱን አየችው። እኔ አየኋት። እማዬም አየቻት። እማዬ ጣቶቿን ከረጢቱ ላይ እንደ ወጥመድ ስትገጥም አስታውሳለሁ።

«እትዬ ሙሉወርቅ፣ እስቲ አንዴ ወደ ውጭ» አለችና እጃቸውን ይዛ ከበር አወጣቻቸው። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰማኋቸው። «ይውሰዱልኝ። ሳይመሽ ከዚህ ቤት ያውጡልኝ። እባክዎ፣ የእርስዎም ቤት አያስቀምጡት።»

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

እማዬ የሆነ ነገር አንሾካሾከች።

«እኔን አፈር ያስበላኝ» አሉ እትዬ ሙሉወርቅ። «እኔ ደግሞ ፊቷ... አላወቅኩም እኮ አልፊያዬ።»

ሌባ የቀንድ አውጣ መርዝ ምን ያደርግላታል? ያን ቀን ማታ ራት ላይ ይሄንኑ አሰላስል ነበር። ምናልባት ትሸጠው ይሆናል አልኩ። ምናልባት ሱስ ሆኖባት ያገኘችውን ሁሉ የምትወስድ ዓይነት ሌባ ናት። እንዲህ ዓይነቷ ደግሞ ይበልጥ ታስፈራለች።

«በእጃችን እንለቅማቸዋለን» አለች እማዬ በማግስቱ። «ሰልሳቢልና ዊዳድ ይለቅማሉ። እኔም አለሁ።»

እትዬ ሙሉወርቅ ዘዴውን አስተማሩን። ከመግሪብ በፊት እርጥብ ጆንያ አፈሩ ላይ ይነጠፋል፤ ጠዋት ሲገለበጥ ቀንድ አውጣው ሁሉ ሥሩ ተሰብስቦ ይገኛል። የብርቱካን ልጣጭ በአፉ ተደፍቶ ከተቀመጠም ይገባበታል። ከዚያ በፍም መቆንጠጫ እያነሱ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ መክተት ነው። ውኃ ማጠጣትም ጠዋት እንጂ ማታ አይሁን አሉ፤ ማታ ካጠጡት ድግስ እንደ መደገስ ነው። ያረጀውን ጣውላና የተጣለውን ጎማ ከመደቡ ዳር አስወጡን። እግረ መንገዳቸውን ከዊዳድ አጠገብ ይቀመጡና ያልተጠየቁትን ሁሉ ያወሯታል። አትመልስላቸውም፤ እሳቸውም መልስ የሚጠብቁ አይመስሉም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እኔ ስለቅም ዊዳድ ጣሳውን ብቻ ትይዛለች። አንድ ጠዋት ጣሳው ሊሞላ ሲል እማዬ ከኩሽና በእፍኟ ጨው ይዛ መጣች። ጨው ቀንድ አውጣን እንደሚያቀልጠው ሰው ሁሉ ያውቃል። ጥቂት ስትበትንበት አንዱ ተጨማዶ፣ አረፋ ደፍቆ፣ መወራጨት ጀመረ።

ዊዳድ ጣሳውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ተዪ አልፊያ» አለች። «ያማቸዋል።»

በቤታችን ውስጥ የተናገረችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነበር። ድምጿ ዝጎ ነበር። እማዬ እፍኟን እንደያዘች ቀረች፤ ጨው በጣቶቿ መሐል ይንጠባጠባል።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ምን እናድርጋቸው?»

«ወንዝ ዳር እንውሰዳቸው። ሣር አለ።»

ወንዙ ከቤታችን ጀርባ ነው፤ በበጋ ልጅ ዘሎ የሚሻገረው፣ በክረምት ግን በግ የሚወስድ። እማዬ በሩን አየች፤ ሰማዩን አየች፤ እኔን አየች።

«አብረን እንሄዳለን» አለች። «ሦስታችንም።»

እንደዚያ ሆነ ልማዳችን። ጠዋት ጠዋት ጆንያውን እንገለብጣለን፣ እንለቅማለን፣ ከዚያ ቁልቁል እንወርዳለን። እማዬ «ጭቃው ያንሸራትታል» እያለች የዊዳድን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። እኔ ከፊት እሄዳለሁ፤ ሌባዋ ካመለጠች መንገድ እንድዘጋ የተመደብኩ ይመስለኝ ነበር። ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ጎማና የሙዝ ቅጠል ይዞ፣ እያጓራ ይወርዳል። ዊዳድ ወደ ውኃው አትጠጋም፤ ከፍ ካለው ሣር ላይ ትንበረከክና ጣሳውን ታጋድመዋለች። እነሱም አንድ በአንድ፣ የትም የማይቸኩሉ ሆነው ይወጣሉ።

እየዋለ እያደረ መናገር ጀመረች። መጀመሪያ ስለ እነሱ ብቻ ነበር። «ቀንዱ ጫፍ ላይ ያለው ዓይኑ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ነካ አድርጊው። አየሽ፣ ወደ ውስጥ ሳበው? አሁን ዝም በይ። ማንም እንደሌለ ሲያውቅ መልሶ ያወጣዋል።» እውነትም መልሶ አወጣው፤ አንዱን አስቀድሞ፣ ሌላውን ቆይቶ። እኔ ስስቅ ከንፈሯ ጫፉ ላይ ትንሽ ተነቃነቀ። ሌላ ቀን የእትዬ ሙሉወርቅን አረማመድ በምላሷ አስመሰለችልኝ፤ ጧ፣ ሸር፣ ጧ፣ ሸር።

ጭንቀቴ ግን ከዚህ በኋላ ባሰበት። ሌባ እየወደድኩ ነበር። ሳትሰርቅ ትያዝብኛለች ብዬ እፈራለሁ፤ ሰርቃ ትሄድብኛለች ብዬም እፈራለሁ። ማታ ስንተኛ የቀሚሷን ጫፍ ጣቴ ላይ እጠመጥመዋለሁ። ስትነሳ እንዲቀሰቅሰኝ ነው እላለሁ ለራሴ።

ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ጎህ ላይ፣ ጣቴ ላይ ምንም አልነበረም።

ከጎኔ ያለው አንሶላ ቀዝቅዟል። አባዬ ለሱብሒ መስጊድ ሄዷል። ከሳሎን የእማዬ የሶላት ሹክሹክታ ይሰማል። ተነስቼ መጀመሪያ ያየሁት መስታወቱን ነው፤ አምባሩ አለ። ቀለበቱ አለ። ሬዲዮው፣ የአባዬ ሰዓት፣ አዲሱ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም በቦታው። ጊቢው ጋ ወጣሁ። ጆንያው ተገልብጧል። ጣሳው የለም። የውጭው በር ገርበብ ብሏል።

እፎይ አልኩ። ልነግራት ሮጬ ገባሁ፤ የምሥራች የያዝኩ መስሎኝ።

«እማዬ፣ ዊዳድ ሄዳለች» አልኳት። «ግን ምንም አልወሰደችም።»

እማዬ ሶላቷን አቋርጣ ዞረች። ፊቷን ያን ጊዜ እንዳየሁት ዳግም አይቼው አላውቅም፤ አላህም አያሳየኝ። በሶላት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ፣ አጠገቤ አልፋ ወጣች። ተከተልኳት። ጭቃው ውስጥ ሁለቴ ወደቀች፤ ሁለቴም እጇን ሳትጠርግ ተነሳች።

መታጠፊያው ላይ እትዬ ሙሉወርቅን አገኘናቸው። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ነጭ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነው።

«አሁን ወደ ታች ስትወርድ አየኋት» አሉ። «ጣሳ ይዛለች። ከእናንተ ጋር መስሎኝ...» ዓረፍተ ነገራቸውን አልጨረሱም። ነጠላቸውን ሰብስበው ከኋላችን ሮጡ፤ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወንዙ ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ እማዬ በድንገት ቆመች፤ ጀርባዋ ላይ ልጋጭ ነበር።

ዊዳድ ከታች ነበረች፤ ከወትሮው ቦታችን ዝቅ ብላ፣ ውኃው ጠርዝ አጠገብ። ጉልበቷ ድረስ ረጥባለች። ተንበርክካ በአንድ እጇ ሣሩን ትገልጣለች፤ በሌላው ከጣሳው እያወጣች ታስቀምጣለች። ሣሩን ትገልጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትከድናለች።

እማዬ አልተጣራችም። ለእትዬ ሙሉወርቅ በእጇ ይቁሙ የሚል ምልክት አሳየችና፣ ወፍ እንዳይበር እንደሚጠጋ ሰው፣ ቀስ ብላ ወረደች። ደርሳም አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ የሶላት ልብሷን ይዤ ቆምኩ።

«ጨረስሽ?» አለቻት።

«ጥቂት ቀርተዋል።»

«እስክትጨርሺ እቆያለሁ።»

ዊዳድ ቀጠለች። የመጨረሻውን ስታስቀምጥ እማዬ የእጇን አንጓ ያዘችው፤ እንደ መያዝ ሳይሆን እንደ መቆለፍ።

«አልፊያ፣ ያመኛል።»

«ይመምሽ» አለች እማዬ፤ ከዚያም አለቀሰች። ጮክ ብላ አይደለም። ግንባሯን የዊዳድ ትከሻ ላይ አድርጋ። ዊዳድ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ነፃ በሆነው እጇ የእማዬን ጀርባ መታ መታ ማድረግ ጀመረች፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

እኔ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ዊዳድ ሳታስፈቅድ ቀንድ አውጣ ልትጥል ሄዳ እማዬ ተቆጥታ አለቀሰች። ለዚህች ለምታህል ነገር እንዲህ ያለ ለቅሶ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

ዊዳድ አሁን ቤቴል ነው የምትኖረው። ልብስ ትሰፋለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቁ ቁመቱ በልጧታል። ባለፈው ክረምት ቤቷ ሄጄ፣ ልጆቹ ወጥተው ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጠየቅኳት። የልብስ ስፌት መኪናዋን አላቆመችም።

«ያን ቀን እነሱን ልጥል አልነበረም የሄድኩት» አለችኝ። «ጣሳው እንዲያው በልማድ እጄ ላይ ነበር። ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ከገባሁ በኋላ ነው ያየሁት። ሞልቷል። እነሱ ምን አደረጉ አልኩ። መጀመሪያ እነሱን ላስቀምጥ ብዬ ወጣሁ። ውኃው የማይደርስበት ቦታ ስፈልግላቸው ዘገየሁ። አንዱን ሳስቀምጥ አንዱ ወደ ውኃው ይሄዳል፤ እመልሰዋለሁ። እንደዚያ ስል እናትሽ መጣች።»

ልጽፈው ብል ትከፊያለሽ ወይ አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ጻፊው» አለች። «ብቻ በመድኃኒትም መዳኔን ጨምሪበት። ሰው በቀንድ አውጣ ብቻ እንዳይመስለው።»

እውነት ነው። በዚያው ዕለት አባዬ ሱቁን ሳይከፍት በታክሲ ሆስፒታል ወሰዳት። ከዚያ በኋላም ደጋግመው ሄዱ። የምትውጠውን ኪኒን እማዬ ከሳጥኑ እያወጣች በእጇ ትሰጣታለች፤ እስክትውጠውም አጠገቧ ትቀመጣለች። ያኔ ሆስፒታሉን ለሌቦች የሚሆን ሕክምና ያለበት ቦታ አድርጌ ወስጄው ነበር፤ ቢያንስ እስር ቤት አልወሰዷትም ብዬ ተጽናናሁ። ስለ ልጇም መናገር ጀመረች። ስሙ ኢብራር እንደነበር የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው፤ ማታ ራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት። አባዬ ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ።

ቀንድ አውጣውን መልቀም አላቋረጥንም። ዳሊያው ግማሹ ተበልቶ ነበር፤ መስከረም ላይ ያበቡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ቅጠላቸው የተነደለ። እማዬ ግድም አልሰጣት።

ረመዳን ያን ዓመት አዲስ ዓመቱን አቅፎ ነው የዋለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳምቡሳው እየተጠቀለለ ሳለ፣ ተምር ማለቁ ታየ። ዊዳድ እጇን ታጠበች።

«እኔ ልግዛ» አለች።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ሰልሳቢል፣ ጫማሽን አድርጊ።»

እኔ ጫማዬን ፍለጋ ስነሳ እማዬ በእጇ አስቆመችኝ።

«ብቻዋን ትሂድ» አለች።

«አልፊያ...»

«ብቻዋን ትሂድ ሽኩር።»

ዊዳድ ሁለቱንም አየቻቸው። ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። በሩ ተዘጋ። አባዬ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሳ። እማዬ ሳምቡሳውን መጠቅለል ቀጠለች፤ ሙሌት ያላደረገችበትን ባዶውን ስትጠቀልል አየኋት። ሱቁ እዚያው መታጠፊያው ላይ ነው። ከሄደች ቆይታለች። አሁንስ አመለጠች፣ ተምሩንም አናገኘውም፣ እማዬም ታለቅሳለች እያልኩ ጥፍሬን በላሁ።

አዛን አለ። ከአንዱ መስጊድ ሌላው ተቀበለ። አባዬ ውኃ ቀድቶ ለእማዬ ሰጣት፤ ተቀበለችውና እንደያዘችው ቀረች። አባዬም የራሱን አላነሳም። ጎረቤት ሁሉ ሲያፈጥር፣ የሳህን ድምፅ በየአጥሩ ሲሰማ፣ እኛ ቤት ማንም ከንፈሩን አላረጠበም። እማዬ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

ቆርቆሮው ተንኳኳ። ማንም ስላልተነሳ ሮጬ ከፈትኩ።

ዊዳድ የተምሩን ካርቶን አቅፋ፣ ሻርፗ በካፊያ ርሶ፣ ትንሽ እያለከለከች ገባች። ውኃ ቀርቦላቸው ያልጠጡትን ሁለቱን አይታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሰልፍ ነበር» አለች።

«እሺ» አለች እማዬ። «ግቢ፣ ተቀመጪ።»

ከዚያ ብርጭቆውን ወደ አፏ አንስታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።